በመስኮት የሚገባበት ቤት

ሆኦሌሁዋ፣ ሞሎካይ ደሴት
ማርች 6፣ 1995

ለእህቴ ልጅ ለሰሙኤላ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከጉልበቴና ከነፋሱ በቀር ደህና ነኝ። ነፋሱ ያው እንደምታውቀው ነው፤ ያጠብኩትን ልብስ ቀይ አፈር አልብሶ ይመልስልኛል። የእናንተ አየርስ እንዴት ነው? ጉልበቴን ግን ያባስከው አንተ ስለሆንክ ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።

«ቤቱ አለቀ ወይ?» ላልከው፣ አልቋል። ምስጥ የጨረሰውን የአያትህን ቤት አፈረስነው እንዳልልህ አላፈረስነውም፤ የአጎትህ ልጅ ሉኪያ በረንዳው ላይ ቆማ አስነጠሰች፣ በቃ። አዲሱ በዚያው ቦታ ቆርቆሮው እያብረቀረቀ ቆሟል። የአንተም የእናትህም እትብት የተቀበረበት ማንጎ ከነጥላው አለ።

«ታዲያ እኔን ምን አስቸኮለኝ?» ላልከው ደግሞ እንዲህ ነው። ከበሩ በላይ እንደ ወጉ የሣር እስር ተንጠልጥሏል። የቤቱ እትብት ነው። እሱ እስኪቆረጥ ድረስ ቤቱ ገና አልተወለደም፤ በበሩም ሰው አይገባም። የሚቆርጠው የቤተሰቡ በኩር ነው። በኩሩ አንተ ነህ። እኔ አልወለድኩም፣ እናትህም ነፍሷን ይማርና ከአንተ ሌላ ትርፍ አልተወችልኝም።

ስለዚህ እስክትመጣ የምንገባው በማዕድ ቤቱ መስኮት ነው። ፍሪጁ በመስኮት ገባ። አልጋዬም በመስኮት ገባ። እኔም በዚህ ዕድሜዬ፣ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሴን ሰብስቤ፣ እንደ ማንጎ ሌባ በመስኮት እወጣለሁ እገባለሁ። የጉልበቴ ነገር ይኸው ነው።

በጁን መጀመሪያ የመሬት ቢሮው ሰው ይመጣል። ይህ መሬት ለደሴቲቱ ልጆች እንዲኖሩበት የተሰጠ እንጂ የሚሸጥ የሚለወጥ አይደለም። ከእኔ በኋላ የሚኖርበት የራሴ ሰው ከሌለ፣ ወረፋ ለሚጠብቅ ለማላውቀው ሰው ይሰጣል። ወረቀቱ ላይ ስምህን ጽፌአለሁ። በእርሳስ ነው የጻፍኩት። በእስክሪብቶ የሚደምቀው በበሩ ስትገባ ነው።

እናትህ ለድሮው ቤት የደረሰችውን ዘፈን የትምህርት ቤቱ ልጆች በምረቃው ይዘፍኑታል። ያለው አንተ ጋ ነው፤ በታይፕ አጥርተህ ላክልኝ። ቶሎ ላክልኝ ብልህ ደስ ባለኝ። ሆኖሉሉና እኛ ማዶ ለማዶ የምንተያይ ነን፤ የአንተ ደብዳቤ ግን በዋና የሚመጣ ይመስል ሳምንታት ይፈጃል። ፖስታ ቤቱን ተቆጣሁ። «ጥፋቱ የእኛ አይደለም፣ አንቲ» አሉኝ፤ ለእነሱም አክስት ሆኛለሁ።

አክስትህ
ኤሰተራ


የአዳዲስ ቃላት ኮሚቴ ጽሕፈት ቤት
ሆኖሉሉ
ማርች 27፣ 1995

ለክብርት ወይዘሮ ኤሰተራ ካአፑኒ፣

ሰላምታዬ ከፍ ያለ ነው። የላኩልኝ ደብዳቤ ደርሶኝ በጥሞና ተመልክቼዋለሁ።

አስቀድሜ ስለ ስሜ ላሳስብዎ እወዳለሁ። «ሰሙኤላ» በሚስዮናውያን መርከብ ተጭኖ የመጣ የውሰት ስም በመሆኑ ትቼዋለሁ። ከእንግዲህ መጠሪያዬ ኬአኦማላማላማ ነው። ብሩህ ዓለም ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርም።

የእናቴን ዘፈን አርሜ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። በግጥሙ ውስጥ «ሆሜ» የሚለው ቃል ተደጋግሞ ተገኝቷል። ይህ ከእንግሊዝኛው «ሆም» የተወሰደ፣ በአፋችን ተሟሽቶ የእኛ የመሰለ ቃል ነው። በምትኩ «ሀሌ ኖሆ ኦሃና»፣ ማለትም «ዘመድ አዝማድ የሚቀመጥበት ቤት»፣ የሚለውን ንጹሕ አነጋገር አስገብቻለሁ። ዜማው በዚያ ቦታ ላይ ትንሽ ያነክሳል፤ ልጆቹ እንዳይታወቅባቸው ያጨብጭቡ።

ለምረቃው መገኘትን በተመለከተ፣ ኮሚቴው ምግብ ለሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ሣጥን ስያሜ ለማውጣት በከፍተኛ ውይይት ላይ ይገኛል። ጸሐፊው እኔ እንደመሆኔ መጠን ውይይቱን ጥዬ ብነሣ ሣጥኑ ያለ ስም መቅረቱ ነው።

በመስኮት ስለመግባት ያሉትም ማስረጃ የለውም። የጥንት ቤቶቻችን መስኮት አልነበራቸውም።

የአየሩን ሁኔታ ጠይቀውኛል። ደረቅ ነው።

ከአክብሮት ጋር
ኬአኦማላማላማ


ሆኦሌሁዋ
ኤፕሪል 9፣ 1995

ለኬአኦማላማላማ፣

ይኸው ጻፍኩት። ሦስተኛው «ማ» ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አሳረፍኩት።

ከመቼ ወዲህ ነው እኔ «እርስዎ» የሆንኩት? እናትህ ስትሞት በማደጎ ወስጄ ያሳደግሁህ፣ ቂጥህን ያጠብኩህ፣ ጥርስህን የነቀልኩልህ እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ክብርት አላልከኝም፤ ነከስከኝ።

የእናትህን ዘፈን አየሁት። እንኳን እናትህ ሞተች! «ወደ ሆሜ መልሰኝ» ያለችውን «ወደ ዘመድ አዝማድ የሚቀመጥበት ቤት መልሰኝ» አደረግከው? ይህ ዘፈን ነው ወይስ የለቅሶ ቤት ጥቆማ? ልጆቹ ሞክረውት አጨብጭቡ የተባሉበት ቦታ ላይ ሳቁ፤ መምህርቷም ሳቀች፤ እኔ ብቻዬን አለቀስኩ። ከንዴት ነው፣ ሌላ እንዳይመስልህ።

ሀሌ ማለት ሚስማርና ቆርቆሮ ነው። እሱን አናጢው ሠርቶ አስረክቦኛል። ሀሌ ውስጥ ይታደራል። ሆሜ ግን የሚኮረፍበት ነው፤ ተኮርፎም እራት የሚበላበት። እንግዳ ቃል ነው አልክ። አዎ፣ እንግዳ ነበር። አያቴ በር ላይ አግኝታው፣ አስገብታ፣ የጎደሬ ገንፎዋን፣ ፖይዋን፣ አብልታ አሳደገችው። አሁን በእኛ አፍ ነው የሚናገረው፣ የመጣበትንም ረስቷል። የማደጎ ልጅ ከጎረመሰ በኋላ ይባረራል? እሱ የሚባረር ከሆነ አንተም ሻንጣህን አዘጋጅ።

ደግሞስ የጻፍክበት ወረቀት «ፔፓ» አይደለም? መጽሐፉስ «ፑኬ»፣ ቡናህስ «ኮፔ» አይደለም? ሁሉንም ለባለቤቱ ከመለስክ ኮሚቴህ በምን ላይ ምን እየጠጣ ይሰበሰባል? ባለቤቶቹስ «አሎሃ» የምትለዋን ሰላምታችንን ወስደው ሸሚዝ ላይ ሲያትሙ አክስታቸውን አስፈቅደዋል? ያ ምግብ ማሞቂያችሁን እኛ እዚህ «ቲንግ» ነው የምንለው፤ ሲጨርስ እሱ ራሱ ስሙን ይናገራል። ለኮሚቴው በነጻ ሰጥቻለሁ። በል አሁን ተነሥና ና። ለመሆኑ እዚያ ባሕሩ እንዴት ነው?

ጥንት መስኮት አልነበረም ላልከው፣ እኔም ጥንት አልነበርኩም። በበር አትግቡ የተባለው በመስኮት ግቡ ማለት ነው። ፓስተር ኢዮኬፓም እንደ አንተ ሊከራከሩኝ ባለፈው እሑድ መጥተው መስኮቱ ላይ ወገባቸው ድረስ ገብተው ቀሩ።

«እህት ኤሰተራ፣ በሩ እኮ ወለል ብሎ ተከፍቷል!»

«ተከፍቷል፤ አልተቆረጠም።»

«ስለ እግዚአብሔር፣ እኔ ልቁረጠው።»

«እርስዎ የቤታችሁ ስንተኛ ነዎት?»

«የመጨረሻው።»

«እንግዲያው ይጎተቱ። ሉኪያ፣ ያዣቸው! ፓስተር፣ ሆድዎን ያስገቡ።»

«ወዴት ላስገባው?»

ሲወጡ የጸለዩልህን ጸሎት አልጽፍልህም። ስምህን ግን በትክክል ጠርተውታል፤ ሰሙኤላ ብለው።

ኤሰተራ


ሆኖሉሉ
ኤፕሪል 28፣ 1995

አክስቴ፣

ኮሚቴው ስለማያየው በዚህ ደብዳቤ አንቺ እልሻለሁ።

ተቆጥተሻል፤ ልክ ነሽ። ግን አንድ ጊዜ ስሚኝ። የቡናው ነገር ይሁን። መጽሐፉም ይሁን። ይኼ ቃል ግን ከየትኛው መርከብ እንደወረደ አስቢ። እነዚያ ሰዎች መጥተው ንግሥቲቱን ከዙፋኗ አወረዱ፣ መሬቱን ወሰዱ፣ ልጆቹ በገዛ ቋንቋቸው ሲናገሩ እጃቸውን ገረፉ። አያቴ በልጅነቷ ከተማሪ ቤት እጇ አብጦ ትመለስ እንደነበር የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ቤታችንን ከወሰደ ሰው ቤቴን የምጠራበትን ቃል ልበደር? ይህን ዝም ብዬ ልዘፍነው? አልችልም። ለኮሚቴው ስል አይደለም።

«ባሕሩ እንዴት ነው?» ላልሽኝ፣ ባሕሩ አለ።

ለመምጣት ግን ሳል ይዞኛል። በዚያ ላይ የኮሚቴው ሥራ አለ። በዚያ ላይ የምኖርበትን ቤት ቀለም እየቀቡት ነው። ሣሩን ፓስተሩ ቢቆርጡት እኔ አልቀየምም።

የዓሣ ቋንጣና የሆኦሌሁዋ ስኳር ድንች ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል። እዚህ የለም። ማለቴ፣ አለ፤ ግን እንደዚያኛው አይሆንም።

የአንቺው


ሆኦሌሁዋ
ሜይ 14፣ 1995

ስምህን ትቼዋለሁ፤ የትኛውን እንደምጽፍ ስለቸገረኝ፣

የአያትህን እጅ በሚመለከት ያልከው እውነት ነው። አልረሳሁትም። በዚህ ተረታሁ ብዬ ላምንልህ ተቀምጬ ወረቀት አውጥቼ ነበር። እግዚአብሔር ግን እንዳልረታ ፈልጎ ሉኪያን ከላስ ቬጋስ መለሳት።

የእኛ ሰው ትንሽ ሲቋጥር ወደዚያ በረሃ እንደሚበር ታውቃለህ፤ አሁንማ በስምንቱ ደሴቶቻችን ላይ ጨምረው ዘጠነኛው ደሴታችን ብለውታል። ሉኪያ እንደ ልማዷ ከቁማር ማሽን ተነሥታ፣ የአገሯ ሰው ወደሚሰበሰብበት ምግብ ቤት ሄዳ፣ የበሬ ጭራ ሾርባዋን ልታዝ ተቀመጠች። አስተናጋጁ ፊቱን በሜኑ ሸፍኖ መጣ። የተባባላችሁትን እሷ እንደነገረችኝ ልጻፍልህ፤ ካጎደለች ሙላበት።

«ወንድሜ፣ እኔ ሾርባ ነው የምፈልገው፣ ሜኑውን ከፊትህ አውርደው።»

«ሾርባው አልቋል» አለ ሜኑው።

«ጎኔ ያለው ሰውዬ እየበላው አይደል?»

«የመጨረሻው እሱ ነው።»

«ይኼን ድምፅ አውቀዋለሁ! አንተ የአንቲ ኤሰተራ ልጅ አይደለህም? ያ ስሙ የማያልቀው?»

«ተሳስተሻል፣ እመቤት።»

«ደረትህ ላይ ያለው ባጅ ታዲያ ምንድን ነው የሚለው?»

ደረትህ ላይ «ሳም» ይላል።

ሳም! ሰሙኤላ ከመርከብ የወረደ ነው ብሎ የአያቱን ስም የጣለ ሰው፣ ሳም የሚል ለጥፎ ሾርባ ያቀርባል! ሉኪያ ስትነግረኝ መስኮቱ ላይ ነበርኩ፤ አንድ እግሬ ውስጥ አንድ እግሬ ውጭ። እዚያው ቁጭ አልኩ። ፊቴ ስላላማራት «አንቲ፣ ትወጫለሽ ወይስ ትገቢያለሽ?» አለችኝ። አላወቅሁም።

ደብዳቤህ ለካ ከበረሃ እየዋኘ ነው የሚመጣው። «አየሩ ደረቅ ነው።» «ባሕሩ አለ።» አለ እንጂ! ሁለት ሺህ ምናምን ማይል ማዶ አለ፤ እኔ ደጃፍ ላይ። እኔ ደግሞ ከልቤ ስከራከርህ! ቤታችንን ከወሰዱት ሰዎች ቃል አልበደርም አልክ። ቃላቸውን ጠልተህ አገራቸውን ተበደርክ?

ሳልህ እንዴት ሆነ? ቀለም ቀቢዎቹስ ጨረሱ?

የመሬት ቢሮው ሰው ቀኑን አስታውቋል። ስምህ እስካሁን በእርሳስ አለ።

ኤሰተራ

ቋንጣውን ልኬአለሁ። የላኩት ስለተናደድኩ ነው።


ላስ ቬጋስ
ሜይ 21፣ 1995

አክስቴ፣

አድራሻውን በትክክል ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። እስካሁን ደብዳቤዎችሽን ከሆኖሉሉ የሚያስተላልፍልኝ ጓደኛዬ ነበር። ኮሚቴውም በፋክስ ስለምገናኘው ሆኖሉሉ ያለሁ ይመስለዋል። «ቲንግ»ን አቅርቤላቸው እየተወያዩበት ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?» ብለሽ ለሉኪያ የጮኽሽውን ሰምቻለሁ፤ ደውላ ነገረችኝ። የነበርኩባት ክፍል ከአንድ ሰው ጋራዥ ጀርባ ነበረች። ባለቤቱ ለቱሪስት ሊያከራያት ፈለጋት። ሌላ ፈለግሁ፣ ለእኔ ደመወዝ የሚሆን ጠፋ። በተወለድኩበት አገር የማድርበት አጥቼ ወደዚህ መጣሁ። እዚህ አንድ ክፍል አለኝ። የሚገባውም በበሩ ነው፤ አትሳቂ።

«ለምን ወደ እኔ አልመጣህም?» ላልሽው ደግሞ እንዲህ ነው። እናቴ ሬፔካ፣ ልጄ ተምሮ ትልቅ ሰው ይሆናል ብላ ሞተች፤ አንቺም ለመንደሩ ሁሉ ጸሐፊ ሆኗል ብለሽ አወራሽ። ሻንጣ ይዤ እንዴት ብዬ ልመለስ?

አንድ ነገር ልንገርሽ። ዘፈኑን ያረምኩት ኮሚቴው አዞኝ አይደለም። ኮሚቴው ዘፈኑን አላየውም። በታይፕ ስመታው ያቺ ቃል ጋ ደረስኩና ጣቴ እምቢ አለኝ። ዘልዬ ሄድኩ፤ ከታች ደግሞ መጣች። ከዚያም ሌላ ነገር ብጽፍበት ይቀለኛል ብዬ ነው። አልቀለለኝም። ቋንጣሽን እየበላሁ የጻፍኩት ይኸው ነው።

ስሜን በላጲስ አጥፊውና የሉኪያን ጻፊ። ሣሩን የሚቆርጥ ሰው በቤቱ የሚኖር መሆን አለበት፤ እኔ የሾርባ ቤት ሰው ነኝ።

ሳም


ሆኦሌሁዋ
ሜይ 26፣ 1995

ሰሙኤላ፣

ላጲስ ፈለግሁ። የለም። ሉኪያን ስምሽን ልጻፍ ወይ አልኳት፤ «እዚህ ነፋስ ላይ? ሞቼ ነው!» አለች። ስለዚህ ያው የአንተ ነው።

ትልቅ ሰው ሆኗል ብዬ ያወራሁት እውነት ነው። ለማን አወራሁ? ለፓስተሩና ለፖስታ ቤቱ። ፓስተሩን መስኮት ነክሶአቸዋል፣ ፖስታ ቤቱን ያለ ጥፋቱ ሰድቤዋለሁ፤ ሁለቱም አሁን ስለ አንተ ትልቅነት አይጨነቁም። ሻንጣ ይዘህ ለመመለስ ካፈርክበት፣ ታዲያ ሆሜ ምን ሊሆንህ ነው? ገንዘብ ያለውንማ ሆቴልም ይቀበለዋል።

ትኬቱ ከዚህ ጋር ነው፤ ሉኪያ ከማሽኑ ባገኘችው ነው የቆረጠችልህ፣ አትመልስላት፣ መልሳ ማሽኑን ታበላዋለች። የኮሚቴውን ማኅተም ይዘህ ና፤ ፋክስ እዚህም ትምህርት ቤቱ አለው፣ የልጆቹም አስተማሪ ልትወልድ ስለሆነ ሰው ይፈልጋሉ። ባጁን እዚያው ተው። የሾርባውን አሠራር ግን እንዳትረሳ።

ሰሙኤላም ሁን፣ ኬአኦማላማላማም ሁን፣ ሳምም ሁን፣ ይህ ጉልበት ከእንግዲህ መስኮት አይወጣም። በሣሩ ሥር ቁጭ ብያለሁ።

ኤሰተራ


ሆኦሌሁዋ
ጁን 8፣ 1995

ለአንቲ ኤሰተራ ካአፑኒ
በሉኪያ በኩል፣ ላስ ቬጋስ

አክስቴ፣ ይህ ሰው የሚሠራው ሥራ ነው?

ሣሩን በቆረጥኩ ማግስት፣ አውራ ጣቴ እንኳ ሳይሽር (የአያቴ መጥረቢያ ሣርና ጣት አይለይም)፣ ተነሥቼ ብፈልግሽ የለሽም። ፍሪጁ ላይ የለጠፍሽው ወረቀት «የመሬት ቢሮው ሰው ሲመጣ ከኋላዬ እንዳትደበቅ ሄጃለሁ፤ ፖዩ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ነው» ይላል። ዕድሜሽን ሁሉ ከሞሎካይ ወጥተሽ የማታውቂ ሴትዮ ቁማር ቤት? ሉኪያ ለራሷም ለአንቺም ትኬት ቀደም ብላ ቆርጣ እንደነበር ፖስታ ቤቱ ነገረኝ። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው።

«እንዴት ሆነ?» ብለሽ በሉኪያ አስጠይቀሻል። እንዲህ ሆነ። ሰውየው ዛሬ ጠዋት መጥቶ በሩን አንኳኳ። እኔ ማዕድ ቤት ነበርኩ። ምን ነካኝ መሰለሽ፣ ከምረቃው በፊት ለሁለት ቀን በመስኮት ስገባ ለምጄ ነው መሰል፣ በመስኮቱ ዘልዬ ወጣሁና ቤቱን ዞሬ ከኋላው «ደህና አደርክ» አልኩት። ቦርሳውን ጣለ።

«እዚህ ቤት የሚኖር አለ?» አለኝ።

«አለ፣ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ በሩ ምን ሆነብህ?»

«አዲስ ነው፤ ገና እየተላመድን ነው።»

በእግሬ የቆምኩበትን ቀይ አፈር አየ፣ ጣቴ ላይ የታሰረውን ጨርቅ አየ፣ ወረቀቱን አወጣ። «እዚህ ስም በእርሳስ ነው የተጻፈው፤ አንተ ከሆንክ በእስክሪብቶ አድምቀው» አለኝ። ሰሙኤላ ካአፑኒ ይላል፣ በአንቺ እጅ ጽሑፍ፣ ያ የሚንጋደደው። ፊደልሽን ፊደልሽን እየተከተልኩ አደመቅሁት። ኬአኦማላማላማ ቢሆን ኖሮ ሰውየው እስከ ምሳ ይቆይ ነበር።

ሲጨርስ ቀና ብሎ፣ «እንግዲህ ለመዝገቡ፣ ይህ ምንህ ነው?» አለኝ። ሀሌ ልለው አፌን ከፈትኩ። የእናቴ ቃል ወጣ። «ኩኡ ሆሜ» አልኩት። የእኔ ሆሜ። አንዴ ካልኩት በኋላ መመለስ አልቻልኩም፤ በዜማ ነበር የወጣው። ሰውየው ተቀበለኝ። ያነከሰውን ቦታ እንኳ ያውቀዋል፤ በምረቃው ልጁ ከዘፋኞቹ አንዷ ነበረች፣ የእኔን እርማት ለቤተሰቡ በሙሉ እያጨበጨበች አስተምራለች።

ኮሚቴው ቃሉን ገና አላጸደቀውም። ዛሬ ከሰዓት በፋክስ አቀርበዋለሁ። ካልተቀበሉት እኔም ወጥቻለሁ፣ በመስኮት።

መቼ ነው የምትመጪው? ሾርባ ሠርቼ ድስቱ ለአንድ ሰው በዛብኝ።

ሰሙኤላ


(ከፊቱ የበረሃ ፎቶግራፍ ያለበት ፖስትካርድ)
ላስ ቬጋስ
ጁን 14፣ 1995

ሰሙኤላ፣

እሑድ እመጣለሁ። ሾርባቸውን ቀመስኩት፤ ጨው የለውም፣ አንተ በነበርክበት ጊዜ ይሻል እንደነበር ሁሉም ይናገራል። ሉኪያ ማሽኑ ፊት ተተክላ እምቢ ስላለች አንተ ሆይ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ራስህ ውሰደኝ። እዚህ ስንት ደጅ አለ መሰለህ፣ ሁሉም ቆሜ ሳላንኳኳ ራሱ ይከፈትልኛል። አንዱም ደስ አላለኝም።

በመስኮቱ ወጣሁ ነው ያልከኝ? እና ክፍቱን ትተኸው ነው ሰውየውን ስታነጋግር የዋልከው? ምን ዓይነት ልጅ ነህ! ተነሥና አሁኑኑ ዝጋው። ምስጥ ይገባብናል።

ኤሰተራ